ከመወጣጫ የወደቀ ሰው ተጎትቶ አይነሳ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ ባለው ሰፈራችን ግንባታ ጋብ ብሎ አያውቅም፤ ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ የሚወድቅ ሠራተኛም አይጠፋም። በአካባቢው በነርስነት የማገለግል እንደመሆኔ፣ ከአደጋው በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች በቅን ልቦና ስለሚፈጸም አንድ ከባድ ስሕተት ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ሰው ሲወድቅ ባልደረቦቹ ሮጠው ይደርሱና ሁለቱ በብብቱ፣ ሁለቱ በእግሩ ይዘው ብድግ ያደርጉታል። ራሱን የሚደግፍለት ስለሌለ አንገቱ ወደ ኋላ ይንጠለጠላል፤ ከዚያም አጣጥፈው ባጃጅ ውስጥ ያስገቡታል። ርኅራኄያቸውን ያየ ሰው ሊወቅሳቸው አይደፍርም። ይሁን እንጂ አጥንቱ ተሰብሮ ነርቩ ገና ያልተነካ ሰው በዚህ አያያዝ ዕድሜ ልኩን ሽባ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

የነርቭ ሥርዓታችን ማዕከል አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ናቸው። ሕብለ ሰረሰር በአከርካሪ አጥንቶች ቦይ ውስጥ የሚወርድ፣ በአዋቂ ሰው 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና የትንሿን ጣት ያህል ውፍረት ያለው ለስላሳ አካል ሲሆን፣ ከእርሱ የሚወጡት 31 ጥንድ ነርቮች የአንጎልን ትእዛዝ ለጡንቻ ያደርሳሉ፤ ከቆዳ የሚነሳውን ሕመም፣ ሙቀትና ንክኪ ደግሞ ወደ ላይ ይወስዳሉ። የጋለ ምጣድ የነካ እጅ ሕመሙ ሳይታወቀን በፊት የሚሸሸው ትእዛዙን ሕብለ ሰረሰር ራሱ ስለሚሰጥ ነው።

የተሰበረ አከርካሪ ሲንቀሳቀስ ይህን አካል ይጨፈልቀዋል። ጉዳቱ ከደረት አካባቢ ከሆነ እግር ይሰንፋል፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠርም ያቅታል፤ ከአንገት ከሆነ እጅም ይጨመራል። የመተንፈሻውን ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ የሚያዘው ነርቭ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ባለው የአንገት ነርቭ ክፍል ስለሚነሳ፣ ከዚያ በላይ የደረሰ ጉዳት ትንፋሽን ያቋርጣል። የእጅና የእግር ነርቭ ቢጎዳ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል መልሶ ሊያድግ ይችላል፤ የተቆረጠ ሕብለ ሰረሰር ግን እንዲህ አያገግምም።

ስለዚህ የወደቀው ሰው የሚተነፍስ ከሆነና የሚናድ ነገር ካላሰጋ ከወደቀበት አይነቃነቅ። አንድ ሰው በራስጌው ተንበርክኮ ጭንቅላቱን ሳያዞር በሁለት እጁ ይያዝለት፤ ሌላው ለአምቡላንስ ወደ 907 ይደውል። ጣቶቹን ማንቀሳቀስ ይችል እንደሆነ መጠየቅ ይበቃል እንጂ «እስቲ ተነስና ቆም በል» አይባል። ማንሳት ግድ ከሆነ ራሱ፣ ደረቱና ዳሌው በአንድ ቃል፣ እኩል ተነስተው ሳንቃ ላይ ይረፉ። በራጅ ሳይታይ አንገትንና ጀርባን ለወጌሻ ማሳሸትም እንዲሁ አደገኛ ነው።

የአርማታ ሳንቃ የሌለበት ግንባታ የለምና፣ ተቋራጮች የሰው ቁመት ያለውን አንዱን ለዚሁ ለይተው እንዲያስቀምጡ፣ ፎርማኖችም ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት አያያዙን ለቀን ሠራተኞች በተግባር እንዲያሳዩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ ነርስ፣ ከቱሉ ዲምቱ