ስሙን እንኳ አልጻፋችሁትም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ አውቶቡሱ አደጋ ያወጣችሁትን ዜና አነበብኩ። «ወይኔ ወገኔ!!!» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ «አቤት ጉድ!»፣ ከዚያ «ምነው ፈጣሪ!» ይላል። ማን እንደሞተ ገና አልነገራችሁኝም፤ አልቅሺ ግን ተብያለሁ።

ደሴ ውስጥ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ቃለ አጋኖን አልጠላም። ቦታው ላይ ሲውል አንጀት ይበላል። እስቲ ልቅሶ ቤት ሄዳችሁ ሙሾ አውራጇን ስሟት። ጎበዝ ከሆነች አስቀድማ ዘመድ ትጠይቃለች። ሟቹ ምን ይወድ ነበር? ማንን አሳደገ? ለማን ደረሰ? ከዚያ በግጥሟ ሰውየውን ከነጋቢው፣ ከነአካሄዱ ታመጣዋለች። ለቀስተኛው «ዋይ ዋይ» እያለ ደረቱን የሚደቃው ያኔ ነው። እሷ ግጥሙን ትሰጣለች፣ ጩኸቱ የሕዝቡ ነው።

የዳዊትንም ልቅሶ ተመልከቱ፤ ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 18 ላይ አለ። ንጉሡ በሩ ላይ ተቀምጦ ወሬ ይጠብቃል። አንድ ሯጭ መጥቶ ድሉን ያበስረዋል። እሱ የሚጠይቀው ግን ስለዚያ ስላመፀበት ልጁ ነው፤ ደኅና ነው ወይ? ሁለተኛው ሯጭ ሲደርስም ያንኑ ይጠይቃል። መርዶውን ሲሰማ «ልጄ አቤሴሎም ሆይ» ይላል። ልጄ፣ ልጄ፣ ደጋግሞ። በልጁ ፋንታ እሱ ራሱ በሞተ ይመኛል፤ ሌላ ምን ቃል ይኖረዋል? ታሪኩን የጻፈው ሰው ግን ከራሱ አንዲት «ወዮ» አልጨመረም። ዳዊትን አስቀድሞ ስላሳየን ጩኸቱ ዛሬም ያመናል።

የእናንተ ዘጋቢም እኮ ትልቅ ነገር አግኝቶ ነበር። መጨረሻው አንቀጽ ላይ፣ የአውቶቡሱ ረዳት ለእናቱ የገዛው ነጠላ ከነላስቲኩ ወንበር ሥር መገኘቱን ጽፏል። እናትየው ተቀብለው «ልጄ፣ መቼ ልለብሰው?» አሉ። እዚህ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ። ያን ሁሉ አጋኖ ተሸክሞ የመጣ ዜና ለእኚህ እናት ሁለት መስመር ብቻ ሰጣቸው። መጀመር የነበረበት ከእሳቸው ነበር።

ዘጋቢውን አትቆጡብኝ። የደነገጠ ሰው ጽሑፍ ነው፣ ይገባኛል። ግን የረዳቱ ስም የትም ቦታ የለም። ዕድሜው፣ አገሩ፣ ስንት ዓመት በዚያ መንገድ እንደተመላለሰ አልተጠየቀም። እባካችሁ ዘጋቢያችሁን መልሳችሁ ላኩት። እናትየው ፈቃደኛ ከሆኑ፣ በሚቀጥለው እትም ስሙን አውጡልን።

የቀድሞ መምህርት፣ ከደሴ