ሞርሞኖችን ሁሉ በአንድ ሙቀጫ አትውቀጧቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ሞርሞኖች፣ አሜሪካ ውስጥ ስለተመሠረተችው ቤተ ክርስቲያን ተከታዮች፣ ጽፋችሁ ነበር። «ብዙ ሚስት የሚያገቡ ሰዎች ሃይማኖት ነው» ብላችሁ ዘጋችሁት። የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ልጄ ደግሞ አሜሪካ፣ ዩታ ግዛት፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ ነርስ ናት። ጋዜጣው ከወጣ ወዲህ ሰው ሁሉ ያዝንልኛል። አንዷ ጎረቤቴማ «በጣውንት ላይ ሳይድሯት ቶሎ አምጫት» አለችኝ።

እኔ በተዋሕዶ የተጠመቅኩ ነኝ፤ በእምነታቸው አልስማማም። ግን ልጄ አብራቸው የምትሠራው ሞርሞኖች ባለ አንድ ትዳር ናቸው። ቡና አይጠጡም፣ መጠጥ አይቀምሱም፣ በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ይጾማሉ። በጥር 1977 ዓ.ም.፣ ወገናችን በረሃብ ሲያልቅ፣ የዚያችው ቤተ ክርስቲያን ምእመናን አንድ እሑድ ጾመው የምግባቸውን ገንዘብ ለተራቡት ሰጥተዋል። ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው የተሰበሰበው። ይህን አንድ መስመር እንኳ አልሰጣችሁትም።

ብዙ ሚስት የማግባት ታሪክ አላቸው፣ አልክድም። መሥራቹ ጆሴፍ ስሚዝ ራሱ ብዙ ሚስቶች ነበሩት። እሱ እ.ኤ.አ. በ1844 ሲገደል ተከታዮቹ ተከፋፈሉ። የሚበዙት ብሪገም ያንግን ተከትለው ከ1847 ጀምሮ ዩታ ገቡ፤ በ1852 ነገሩን በአደባባይ አወጁ። የአሜሪካ መንግሥት ወንዶቹን አሰረ፣ የቤተ ክርስቲያኗን ንብረት ወረሰ። በ1890 መሪያቸው ዊልፎርድ ውድረፍ ብዙ ሚስት ማግባት «ይቅር» አለ። በስውር የቀጠሉ ስለነበሩ በ1904 ደግሞ ከእንግዲህ በሚስት ላይ የሚያገባ ይባረራል ተባለ። የስሚዝ የመጀመሪያ ሚስት ኤማ ግን ዩታ አልሄደችም። ልጇ ከ1860 ጀምሮ የመራው ወገን፣ ዛሬ ኮሚዩኒቲ ኦፍ ክራይስት የሚባለው፣ በሚስት ላይ ሚስትን ከጅምሩ ሲያወግዝ ኖሯል።

ዛሬም ብዙ ሚስት የሚያገቡት ያንን ውሳኔ አንቀበልም ብለው የተገነጠሉት ናቸው። ስማቸው የገነነው በዩታና በአሪዞና ድንበር፣ ሂልዴልና ኮሎራዶ ሲቲ የከተሙት ኤፍኤልዲኤስ የሚባሉት ናቸው። እዚያ ማን ማንን እንደሚያገባ የሚወስነው መሪው ዋረን ጄፍስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የቴክሳስ ፍርድ ቤት የ12 እና የ15 ዓመት ልጆችን «ሚስቶቼ» ብሎ በመድፈሩ ዕድሜ ልክና 20 ዓመት ፈረደበት። ስለ እነዚህ ልጆች ሙሉ ገጽ ብትጽፉ አመሰግናችሁ ነበር። እናንተ ግን የጄፍስን ወንጀል ለልጄ የሥራ ባልደረቦች አሸከማችሁት።

እኔ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። በእኛም አገር የቤተሰብ ሕጉ በሚስት ላይ ሚስት ማግባትን ይከለክላል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም አንድ ለአንድ ነው የምትለው። ሆኖም ቅምጥ ያለው ሰው ስንት ነው! ሰውየው ሲሞት ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸውን አስከትለው ለአንድ ጥማድ መሬት ሲካሰሱ መዝገቡን የምከፍተው እኔ ነበርኩ። ቅምጧ ባዶ እጇን ስትመለስ፣ ልጆቿ አባታቸውን በምስክር እንዲያስረዱ ሲጠየቁ አይቻለሁ። ታዲያ አንድ የሶልት ሌክ ጋዜጣ ይህን አይቶ «ኦርቶዶክስ ማለት ቅምጥ የሚያስቀምጥ ነው» ብሎ ቢጽፍብን ዝም እንል ነበር?

ስለዚህ ማስተካከያ አውጡ። የዩታዋን ቤተ ክርስቲያን፣ የኤማን ልጅ ወገንና የጄፍስን ቡድን ለያይታችሁ ጻፉ። ማስተካከያውም ጽሑፉ በወጣበት ገጽ ላይ ይውጣ፤ በደቃቅ ፊደል ጥግ ላይ አትጣሉት።

አንባቢያችሁ፣
ከፍኖተ ሰላም