እታለም፣ ዌብሳይት ልናሰራ ነው

እታለም እንዴት ከረምሽ? መጥፋቴን አውቃለሁ፣ ስድቡን ስትደውዪ አንድ ላይ ታወርጂዋለሽ፣ አሁን ግን አንብቢኝ ብቻ። ዳታው ተቋርጦ የከረመ ጊዜ ዝምታ ለመድን፣ ሲመለስ ደግሞ ከየት ልጀምር እያልኩ ወር በወር ላይ ተደረበ፣ ያንቺም ስልክ እኮ መደወል ይችል ነበር፣ ስለዚህ እኩል ነን። እማዬ እስካሁን "ያቺ ቀጫጫ አላገባችም?" ትላለች፣ መልሱን ራስሽ ስጫት፣ እኔን መሀል አታስገቢኝ።

ጉዳዬ ምን መሰለሽ፣ ዌብሳይት ልናሰራ ነው። ጣና ዳር ላለው ማረፊያችንም ለጀልባችንም አንድ ላይ። አዎ እኔው ነኝ፣ ኮምፒውተር ክፍል ኋላ ወንበር ላይ ተኝታ ያለፈችው። ሳቂና ጨርሺ።

ወንድሜ የሚሰራ ልጅ አምጥቷል። ልጁ እጁ አይታማም፣ ያሳየን ናሙና ሲከፈት ድሮን ጣና ላይ ይበራል፣ ፔሊካኖቹ ይነሳሉ፣ ማሲንቆ ይገባል፣ ወንድሜ ዓይኑን መንቀል አቃተው። እኔ ስልኬን አውጥቼ በራሴ ዳታ ከፈትኩት። ይዞራል። ሄጄ ጀበና ጥጄ ተመለስኩ፣ አሁንም ይዞራል። "በዋይፋይ ነው የሚያምረው" አለኝ ልጁ። እንግዲህ መናኸሪያ ቆሞ አልጋ የሚፈልግ ሰው ዋይፋይ ከየት ያመጣል? ደሞ ያነበብኩትን ልንገርሽ፣ ጉግል አሁን የሚያየው የገጹን የሞባይል መልክ ነው፣ የገጹ ትልቁ ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ከታየ ነው ጥሩ የሚባለው። የኛ ድሮን በ2.5 ሰከንድ ገና ከመሬት አልተነሳም። ቪዲዮው ይቅር አላልኩም፣ ታች ይሁን፣ የፈለገ ተጭኖ ይየው ነው ያልኩት፣ ወንድሜ ግን የልቡን የነካሁበት ያህል አኮረፈኝ።

ዋጋውንም በፖስተር ነው የሰራው፣ ያ ቴሌግራም ላይ የምንለጥፈው ዓይነት፣ በወርቅማ ፊደል። ፎቶ ውስጥ ያለ ጽሁፍ ለሚፈልግ ሰው ይወጣል ብዬ አላምንም፣ ዋጋ መቀየር ሲያምረን ደግሞ እንደገና ፖስተር ማሰራት ነው፣ ነዳጅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር። እንደ ሰው በጽሁፍ ይጻፍ፣ ስሩ ላይ "ዋጋው የተስተካከለው በዚህ ቀን" ይባል፣ አለቀ።

አሁን የኔን ሀሳብ ስሚ። ያ አረንጓዴ የእንግዳ መዝገብ ትዝ ይልሻል አይደል፣ ጀርባው ላይ ሰው የሚጠይቀኝን መጻፍ ከጀመርኩ ቆየሁ። በስልክ፣ በዋትስአፕ፣ ቁርስ ላይ፣ ጀልባ መውጫው ላይ፣ የጠየቀውን እንደጠየቀው፣ ሳላሳምር። ያንን ደብተር ነው ዌብሳይት ማድረግ የምፈልገው፣ ሌላ ምንም የለኝም። እኔን የሚጠይቀኝን ነገር ነው ከመምጣቱ በፊት ጉግልን የሚጠይቀው። "ውብ የጣና ዳርቻ ማረፊያ" ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም፣ ልጁ ግን ፊት ለፊት የጻፈልን እሱን ነው። "ዘጌ በጀልባ ስንት ሰዓት ይፈጃል"፣ "ጫማ ይወልቃል ወይ"፣ "ለገዳሙ ለብቻ ይከፈላል ወይ"፣ "ጉማሬ እናያለን ወይ"፣ "ከሰዓት ማዕበል አለ ሲሉ ሰማሁ እውነት ነው"፣ ይሄን ነው የሚጠይቁኝ፣ በየቀኑ።

አንዱ ጥያቄ ስላንቺና ስለኔ ነው፣ ሴት ትገባለች ወይ። ባለፈው ጥር በደላላ በኩል የመጡ ባልና ሚስት ጀልባችንን ይዘው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሄዱ። ባልየው ወጣ፣ ሚስትየዋ አይቻልም ተባለች። ጀልባው ላይ ቁጭ ብላ የጫማዋን ክር ትፈታለች ታስራለች፣ ትፈታለች ታስራለች፣ ጀልባ ነጂያችን ቆሎ ሲሰጣት አንዲት ፍሬ አንስታ ሳትበላት እጇ ላይ ያዘቻት። ባልየው የብራናውን ነገር እያወራ ሲመለስ ዞራም አላየችው። እንጦስ ኢየሱስ ገዳም እኮ እዛው አጠገብ ነው፣ ሴትም ይገባበታል፣ ደላላው ትንፍሽ አላላትም። እስቲ አስቢው፣ ያቺ ሴት ገና አገሯ እያለች ይሄንኑ ፈልጋ፣ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለወንድ ብቻ ናቸው፣ እንጦስ፣ ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምህረትና አዝዋ ማርያም፣ ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴ ግን ለሁሉም ክፍት ናቸው የሚል የኛ ገጽ ቢወጣላት፣ ደላላ ጋ ምን ያደርሳታል?

እና ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው፣ እውቀትሽን የምፈልገው። ልጁ "ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ እንደርድረው፣ ሰው ወደ ታች ይሳበው" ይላል፣ ለሱ ስራውም ይቀለዋል። እኔ ደግሞ ዘጌ የራሱ ገጽ፣ ክብራንና እንጦስ አንድ ገጽ፣ ደቅ የራሱ ገጽ ይኑረው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ዘጌ ከሰዓት በፊት ደርሰሽ የምትመለሺበት ነው፣ ደቅ ግን ማለዳ ካልወጡ ቀን አይበቃም፣ ሁለቱን የሚፈልገው ሰውም አንድ ዓይነት አይደለም፣ አንድ ገጽ ደግሞ ያለው ዋና ርዕስ አንድ ብቻ ነው። ግን እፈራለሁ፣ ለእያንዳንዷ ደሴት ገጽ ከፍቼ ሦስት ሦስት መስመር ብጽፍበት ባዶ ቤት መክፈት አይሆንብኝም? ዘጌን ስለ ቡናው፣ ስለ ጫካው፣ ስለ ግድግዳው ስዕል አንድ ገጽ ሙሉ መጻፍ እችላለሁ፣ ስለ ናርጋ እቴጌ ምንትዋብ አሰሩት ከማለት ሌላ ብዙም አልሄድኩም፣ ካህናቱን ጠይቄ እስክሞላው ይቆይ ወይስ ባጭሩ ይውጣ? ቁርጡን ንገሪኝ፣ "እንደሁኔታው" የምትይዋን ነገር እንዳታመጪ።

ጢስ ዓባይንም ለብቻው ነው የማደርገው፣ ከወንድሜ ጋር የተጣላነው በሱ ነው። እሱ የነሐሴውን ፎቶ እንለጥፍና እንለፍ ባይ ነው። ያንን ፎቶ ያየ የየካቲት እንግዳ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ፣ ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ተጠልፎ ፏፏቴው እንደ ፈትል ቀጥኖ ሲያገኘው፣ ስድቡን የሚቀበለው ወንድሜ አይደለም፣ እኔ ነኝ፣ ቁርስ ላይ። ስለዚህ በየወሩ እንጽፈዋለን፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ሞልቶ ያገኙታል፣ በበጋ ግን ውሃውን ሳይሆን መንገዱንና የድሮውን ድልድይ ብለው ይሂዱ፣ የየካቲቱንም ፎቶ ጎን ለጎን። ወንድሜ "ገበያ ታባርሪያለሽ" አለኝ። ሁሉም የነሐሴን ፎቶ በለጠፈበት ገበያ የየካቲትን እውነት የሚነግር አንድ ሰው ቢኖር እንግዳው ማንን የሚያምን ይመስልሻል? ደግሞ "ፏፏቴው በየካቲት ውሃ አለው ወይ" ብሎ የሚፈልግ ሰው ሞልቷል፣ ደብተሬ ይመስክር።

ልጁን ብዙ ያማሁት መሰለኝ። ትሁት ነው፣ ግን ሁለት ነገር ብሎ አስፈራኝ። በአንድ ሳምንት ጉግል ላይ አንደኛ አወጣችኋለሁ አለ፣ ለ100 ኪወርድም ለብቻ ሂሳብ ጽፏል፣ ከገጹ ጀርባ የሚደበቁ ቃላት ናቸው ይላል። ያንን የተደበቀ የኪወርድ መስመር ጉግል ደረጃ ለመስጠት እንደማይጠቀምበት በ2009 ራሱ ተናግሮ የለ? አንደኛ አወጣለሁ ብሎ ዋስትና መስጠት የሚችል ሰው የለም የሚለውም የራሱ የጉግል ጽሁፍ ነው፣ ውጤት ለማየት አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ወር እስከ 1 ዓመት ይፈጃል ይላል። ይሄን ስነግረው ፈገግ ብሎ "እህቴ ያነበቡት የቆየ ነው" አለኝ። እስቲ አንቺ በድምፅ ላኪልኝና ላሰማው፣ ካንቺ ሲሆን ይፈራል፣ አዲስ አበባ ያለ ሰው ሲናገር ሁሉም ይፈራል።

ዶሜይኑንም፣ የዌብሳይቱን አድራሻ ማለቴ ነው፣ በራሱ ስም ነው የሚገዛው፣ በዶላር ስለሚከፈል ካርድ ያለው እሱ ነው። ይሄን አልቀበልም። ነገ ብንጣላ ስማችንን ይዞብን ሊሄድ ነው? ካንቺ ዘንድ መክፈያ ካርድ ካለ በኛ ስም ግዢልንና ብሩን በቴሌብር ልላክልሽ... ይሄን ለመጻፍ ሦስቴ አጥፍቼዋለሁ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ብቅ ብላ ካርድ አበድሪኝ ትላለች እንዳትይኝ። በይኝ ደግሞ፣ ብቻ ግዢልኝ።

ካርታውን ሳልነግርሽ። ጉግል ካርታ ላይ ቤታችንን ማን እንደተከለው አላውቅም፣ የተተከለው ሀይቁ ውስጥ ነው። ባለፈው አንድ እንግዳ ከጎንደር መጥቶ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሮ (ግንቦት 2016 ከተመረቀ አንቺ ገና አላየሽውም፣ አፈርኩብሽ) ዳር ላይ ቆሞ ደወለልኝ፣ "ካርታው ግባ ይለኛል፣ ዋና ግን አልችልም"። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ባጃጅ ላክሁለት። ይሄን ማስተካከል ከዌብሳይቱ ሁሉ ይቀድማል መሰለኝ፣ ነፃ ነው ደሞ፣ የኛ መሆኑን አረጋግጦ ቦታውን፣ ስልኩንና ፎቶውን ማስገባት ነው። ስሙንም ካርታው ላይ፣ ፌስቡክ ላይና ዌብሳይቱ ላይ አንድ ዓይነት ማድረግ አለብኝ፣ አሁን ሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ተጽፏል። አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ደግሞ ለየራሱ አድራሻ እንዲሰራው ነግሬዋለሁ፣ በማሽን የተተረጎመ ነገር አልፈልግም፣ አማርኛውን እኔ እጽፈዋለሁ፣ የጫጉላ እንግዶቻችን ከአዲስ አበባ ስለሆኑ የነሱ ጥያቄ ሌላ ነው፣ ሴትየዋ ጫማዋ ሳይሆን ፀጉሯ ነው የሚያስጨንቃት።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ይሄ ገንዘብ የጀልባውን ሞተር ለመቀየር ያስቀመጥነው ነው። ያ ሞተር እንዴት እንደሚያስል አንቺም ታውቂያለሽ፣ ዘጌ ላይ ያደረገንን አልረሳሽም። እንግዳ ከጠፋበት ጊዜ ወዲህ አሁን ትንሽ ትንሽ ብቅ ማለት ጀምሯል፣ ግማሹ ግን በውጭ የቦታ ማስያዣ ድረ ገጽ በኩል ነው የሚመጣው፣ ኮሚሽኑ ሲቆረጥ የሚተርፈን ያው ነው፣ ስማችንን ጽፎ የፈለገን ሰው እንኳ በነሱ በር ዞሮ ይገባል። ሞተሩን ብቀይር ማን ይሳፈርበታል ብዬ ነው ወደ ዌብሳይቱ ያደላሁት። ማታ ማታ ግን እንቅልፍ የለኝም፣ ለወንድሜ እርግጠኛ መስዬ እከራከራለሁ፣ ብቻዬን ስሆን ደብተሩን እያገላበጥኩ "ባይሆንስ" እላለሁ። ላንቺ ነው የነገርኩሽ፣ እማዬ ጋ እንዳይደርስ።

ጊዜውን ደግሞ አስቢው። አሁን ግንቦት ነው። አራት ወር ብንል መስከረም ነው፣ ፏፏቴው በሚሞላበት፣ የጥምቀት እንግዳ መፈለግ በሚጀምርበት። ክረምቱን ሙሉ እንግዳ ስለማይበዛ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ፣ ግን አጥንቱ አሁን በትክክል ካልቆመ በኋላ የገጾቹን አድራሻ መቀያየር ጣጣ ነው አሉ።

የደብተሩን ገጾች ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፣ ጽሁፌ ካልተነበበሽ ጠይቂኝ፣ የቡና ጠብታውን እለፊው። ልጁ ያመጣው ውልም አብሮ አለ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ያሰመርኩበትን እዪልኝ። ለድካምሽ ስንት እንደምትይኝ በግልጽ ንገሪኝ፣ "ተይው" የምትይ ከሆነ አሳ ጭኜ እልክብሻለሁ፣ አምባዛ እንደምትጠዪ አውቃለሁ፣ እሱን ነው የምልከው። ቀብዱ የሚከፈለው ሐሙስ ነው፣ ረቡዕ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ደውይልኝ፣ ወንድሜ ያን ጊዜ ኳስ ሊያይ ይወጣል።