ጊዜያዊው ሙሌት ሲወልቅ ዝም አይባልም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እዚህ ጅማ ብዙ ሰው የጥርስ ሥር ሕክምና ይጀምርና ሕመሙ ሲተወው በዚያው ይቀራል። ጥርሱ ግን አልዳነም። ነርቩ የወጣበት ቦይ ደም ስለማይደርሰው ከምራቅ ጋር የገባውን ባክቴሪያ የሚከላከል የለም።

ሥራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ሲጀመር ነው። ጥርሱ ራበር ዳም በሚባለው ስስ ላስቲክ ካልተከለለ ምራቅ የታጠበውን መልሶ ያቆሽሻል። ቦዩ የሚታጠበው ከ0.5 እስከ 5.25 በመቶ በሆነ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ በረኪና ውስጥ ያለው ማለት ነው። (የቤት በረኪና ግን ለመጉመጥመጥ እንዳይሞከር!) ፈሳሹ የሚገባበት መርፌ ከሥሩ መጨረሻ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ማጠር አለበት፤ ተቀርቅሮ በኃይል ከተገፋ ፈሳሹ ከሥሩ አልፎ ፊትን ክፉኛ ያሳብጣል። ቀጥሎ 17 በመቶ ኢዲቲኤ የተባለ ማጠቢያ ፈሳሽ ለ1 ደቂቃ ያህል ከቦዩ ግድግዳ ላይ የፋይሉን (ቦዩ የሚፋቅበትን ቀጭን መሣሪያ) ፍቅፋቂ ያነሳል።

በቀጠሮዎች መካከል ቦዩ ውስጥ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ተደርጎ 4 ሚሊ ሜትር በሚወፍር ጊዜያዊ ሙሌት ይዘጋል። ከሳሳ ምራቅ ያሳልፋል። እባካችሁ፣ በዚያ በኩል ቆሎ አትቆርጥሙ፣ ጫትም አትያዙበት፤ መቦረሹን ግን አታቋርጡ። ሙሌቱ ከወለቀ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ተመለሱ።

የጥርስ ሐኪሞች፣ ከጅማ