የባዮሎጂ ክበብ በ2017 ዓ.ም.፦ ከቁም ሳጥን ላይ የወረደችው ሳጥን

ዘንድሮ 31 አባላት ነበሩን። ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ተሰብስበናል። ችግኝ ተክለናል፤ ይህን በሰልፍ ሰዓት ስለሰማችሁት አልደግመውም።

ዋናው ሥራችን ላብራቶሪው ቁም ሳጥን ላይ የነበረችው የእንጨት ሳጥን ናት። ታውቋታላችሁ፤ «ትጣል» ተብላ ነበር። ውስጧ የድሮ ተማሪዎቻችን በስፒል የሰኳቸው ነፍሳት አሉ። ከየሥራቸው ቦታና ቀን የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት አለች። «ከወንዙ ዳር፣ ጥቅምት 1978» ትላለች አንዷ። እንዳትጣል የለመንኩት ለእነዚህ ወረቀቶች ብዬ ነው።

ለልጆቹ የዳርዊንን ጥንዚዛ ታሪክ ነገርኳቸው። ቻርለስ ዳርዊን በ1832 እ.ኤ.አ. አርጀንቲና፣ ባሂያ ብላንካ ላይ ያዘው። ያኔ ገና የ23 ዓመት ወጣት ነበር። ጥንዚዛው ስም ሳይወጣለት ኖረ። በኋላ አንድ ተመራማሪ ከለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በተዋሳቸው ናሙናዎች መሃል አገኘው። አንቴናው እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. «ዳርዊኒለስ» ተባለ፤ ከ182 ዓመት በኋላ! በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከናሚቢያና ከታንዛኒያ ተሰብስበው አውሮፓ ሙዚየም ከቆዩ ነፍሳት ሙሉ አዲስ ክፍለ መደብ፣ ማለትም እንደ ጥንዚዛዎች ያለ ትልቅ የነፍሳት ምድብ፣ ተገኝቷል።

በሳምንቱ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ በምሳ ሰዓት መጣች። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ናት። «ቲቸር፣ እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም» አለችኝ። በአንድ ስም ጎን ለጎን የተሰኩ ጥቁር ጥንዚዛዎች ናቸው። አጉሊ መነጽሩን ተቀብያት አየሁ። የአንዱ ጀርባ ልሙጥ ነው። የሌላው ከላይ እስከ ታች በቀጫጭን መስመር ተሸንትሯል። እውነቷን ነው። ያቺን ሳጥን ስንት ዓመት ከፍቼ ዘግቻለሁ፤ አላየሁትም። ደብተሯን ገልጣ ሁለቱንም ስላ አሳየችኝ። እንባዬ መጣ።

አዲስ ዝርያ አገኘን አላልኩም። ያንን የሚለው ብዙ ናሙና ያመሳከረ ባለሙያ ነው። ሥራው የሚጀምረው ግን እንዲህ ነው። «ነፍሳት መልቀም ምን ይጠቅማል?» ለሚሉን መልሴም ይኸው ነው።

የጎደለም አለ። መስከረም ላይ ሳጥኗን ስንከፍት ቢራቢሮዎቹን ብል በልቷቸዋል። አራት ኪሎ ያለውን ሙዚየም ለማየት ያሰብነው ጉዞ በመኪና ኪራይ ምክንያት ቀረ። የማይክሮስኮፓችን መብራት ከተቃጠለ ሁለት ዓመቱ ነው። ለኳስ ቡድኑ ማሊያ በሦስት ሳምንት ገንዘብ ተዋጥቷል፤ እኛም አዋጥተናል። አሁን የምንጠይቀው በደንብ የሚገጠም ባለመስታወት ሳጥን፣ ናፍታሊንና አንድ የማይክሮስኮፕ አምፖል ነው።

ሁለተኛው ጥንዚዛ አሁን ለብቻው ተሰክቷል። የድሮዋ ወረቀት አልተነካችም። ከሥሯ ልጅቷ የራሷን ጨምራለች፦ «ስሙ ገና»። በወላጆች ቀን መጥታችሁ እዩት።