ስለዚያ ሌሊትና ስለ ፈረምሁት ሪፖርት ለአባቴ የተጻፈ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። የጉልበትዎ ሕመም ቀለል እንዳለልዎት እማዬ ነግራኝ እጅግ ደስ ብሎኛል። እኔም ልጆቼም በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት ባለፈው ሳምንት በስልክ «ልጄ፣ አለቃሽ ሳያዝዝሽ ለምን በዚህ ነገር ገባሽ? የልጆች እናት ነሽ፤ እንጀራሽን አታስቢም?» ብለው ሲጠይቁኝ ተገቢውን መልስ መስጠት ስላልቻልሁ ነው። ወሬው በሰው አፍ ሲዞር ቆይቶ ነው የደረሰዎት፤ አሁን ሙሉውን ከእኔ ይስሙት።

እንደሚያውቁት እኔ የምመራው የክትባት መጋዘን በዙሪያችን ላሉት ጤና ጣቢያዎች ሁሉ ያከፋፍላል። በማቀዝቀዣዎቹ ያለው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት። በዚያ ዓርብ ከቀትር በኋላ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩም አልነሳ አለ። ደህናዎቹ ማቀዝቀዣዎች ያለ መብራት ረዘም ላለ ሰዓት ይቆያሉ፤ አንደኛው ግን በሩ በደንብ የማይገጥም አሮጌ ስለሆነና አገሩም ቆላ ስለሆነ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩ 7 ዲግሪን አልፎ ነበር። ለኃላፊዬ ደጋግሜ ደወልሁ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ተተኪያቸው ደግሞ «ያለ ደብዳቤ ንብረት ከግቢ አይወጣም፤ ሰኞ ይታያል» አሉኝ። በግድግዳችን ላይ የተለጠፈው የድንገተኛ ጊዜ ዕቅድ ለማን እንደሚደወል እንጂ የተደወለለት ሰው ባያነሳ ምን እንደሚደረግ አይናገርም።

ስለዚህ ንብረቱን በራሴ ስም ፈርሜ አወጣሁ። ሹፌሩን ከቤቱ አስጠራሁት፤ በአጎራባች ከተማ ካለው ሆስፒታል ተረኛ ጋር ተነጋግሬ ቦታ አስለቀቅሁ፤ በአሮጌው ማቀዝቀዣ የነበረውን ሁሉ በአራት ኮልድ ቦክስ፣ ማለትም ቅዝቃዜ በሚይዝ የክትባት ማጓጓዣ ሣጥን፣ አስጫንሁና ሌሊቱን ተጓዝን። አባባ፣ ይህን በማድረጌ ዛሬም አልጸጸትም። ያልነገሩዎት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው።

ሣጥኑን የሚያቀዘቅዘው አይስ ፓክ፣ ማለትም ውኃ ተሞልቶ በረዶ የተደረገ የፕላስቲክ መያዣ፣ ከፍሪዘር እንደ ወጣ ከክትባት ጋር አይታሸግም። ላብ እስኪያወጣና ሲወዘውዙት ውስጡ ውኃ ሲንቦጫቦጭ እስኪሰማ ድረስ ውጭ መቆየት አለበት፤ አለዚያ ክትባቱን ያቀዘቅዛል ሲባል ያበርደዋል፣ በረዶ ያደርገዋል። በአፍ የሚሰጠውን የፖሊዮ ክትባት ይህ አይጎዳውም። ሕፃናት በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንታቸው የሚወስዱት፣ ከአምስት በሽታዎች የሚከላከለው ፔንታቫለንት ግን አንዴ በረዶ ከሆነ አለቀለት። አብሮኝ ያሽግ የነበረው ልጅ ሥራ ከጀመረ ገና ሁለት ወሩ ነው። እየጠበቀ ሳለ «ፍጠን! ፍጠን!» እያልሁ ያጣደፍሁት እኔ ነኝ፤ የመጨረሻውን ሣጥን ሲዘጋ አይስ ፓኩን አንሥቼ አልወዘወዝሁም። ሆስፒታሉ ደርሰን ስንከፍተው የዚያ ሣጥን ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ያሳይ ነበር።

በብልቃጡ ላይ ያለው ምልክት ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል፤ ብርድን ግን አያሳይም። በማግሥቱ ብልቃጦቹን ላያቸው ሁሉም ንጹሕ ነበሩ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ቢላኩ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ማታ ከዚያው ምርት አንዱን ብልቃጥ ሆን ብዬ አበረድሁት፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በረዶው ከቀለጠ በኋላ ከሣጥኑ ካወጣሁት ብልቃጥ ጋር አንድ ላይ ወዝውዤ በመስኮቱ ብርሃን ፊት አቆምኋቸው። ደህና ክትባት እንደ ወተት ደፍርሶ ይቆያል። እነዚህ ሁለቱ ግን እኩል እየዘቀጡ ሄዱ፤ ከታች ነጭ ዝቃጭ፣ ከላይ ጥርት ያለ ውኃ ሆኑ። ሌሎቹንም ከየጥቅሉ እያወጣሁ ሞከርኋቸው፤ ያው ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ብዙ አለቀስሁ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ለእኔ በማሰብ፣ «ሦስቱን ሣጥን አድነሻል፤ አራተኛውን መብራቱ አበላሸው በይ» አለኝ። ሌላው ደግሞ ጥፋቱ የልጁ ነው ብዬ እንድጽፍ መከረኝ። ዓርብ ሌሊት በዚያ ጨለማ መንገድ ስሄድ አልፈራሁም ነበር፤ እሑድ ማታ ሪፖርቱን ስጽፍ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። ያለ ፈቃድ ያወጣሁት እኔ መሆኔን፣ ያጣደፍሁት እኔ መሆኔን፣ የአንድ ሣጥን ፔንታቫለንት በእኔ ጥድፊያ መበላሸቱን ጽፌ ፈረምሁ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ ከማኅደሬ ገብቷል። ከቦታዬ ግን አልተነሣሁም፤ ልጁም ሥራው ላይ ነው፤ አሁን አይስ ፓክ ከጆሮው አስጠግቶ ሳይወዘውዝ ሣጥን አይዘጋም። በዕቅዱ ላይም ኃላፊው ባይገኝ ተረኛው ራሱ ይወስናል የሚል አንቀጽ እንዲጨመር ጠይቄያለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።

አባባ፣ «አለቃሽ ሳያዝዝሽ» ሲሉኝ ልቤ ያዘነው ስለ ማስጠንቀቂያው አይደለም። የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በ1963 ዓ.ም. ሲጀመር እርስዎ ገና ወጣት ከታቢ ሆነው ሁለት ጫፍ ያላትን መርፌ በኪስዎ ይዘው ጋይንትን በበቅሎና በእግር እንደዞሩ፣ የታመመውን ሕፃን ሥዕል በገበያ መካከል ከፍ አድርገው «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል ወይ?» እያሉ እንደጠየቁ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲነግሩኝ ኖረዋል። የሸሸ ሕመምተኛ ተከትለው ከተመደቡበት ወረዳ አልፈው ሲሄዱ ማንንም አላስፈቀዱም። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. የአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ እስከ ተገኘበት ጊዜ ድረስ በዚያ ሥራ ቆዩ። እኔ ያን እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

የነገሩኝ ግን ሁልጊዜ የተሳካውን ነበር። ያልተሳካልዎት ቀን፣ ዘግይተው የደረሱበት ቤት፣ በእርስዎ ስሕተት የተከተለ ነገር ነበረ ወይ? ከነበረስ ለማን ተናገሩት? ለገና ስመጣ እማዬ ቡና እያፈላች ይህን ቢያጫውቱኝ እወዳለሁ። የጉልበትዎን መድኃኒት እልክልዎታለሁ፤ እስከዚያው በማለዳ ብርድ አይውጡ።

ጉልበትዎን እየሳምሁ፣
ልጅዎ