ለአሮጌ ሬዲዮኖቻችን ማሳያ ክፍል የቀረበ የድጋፍ ጥሪ
ለተከበራችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በያላችሁበት ለምትገኙ የአካባቢው ተወላጆች፦

በደሴ ፒያሳ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በመጠገን የምንተዳደር ባለሙያዎች ከጥቂት የፊዚክስ መምህራን ጋር ሆነን፣ ባለቤቶቻቸው ለጥገና አምጥተው ሳይወስዷቸው የቀሩና ከቁራሌው እጅ ያስጣልናቸው አሮጌ ሬዲዮኖች ለተማሪዎች የሚታዩበት አንድ ክፍል ለማዘጋጀት ተነሥተናል።

ከስብስቡ መካከል ለማንሣት ሁለት ሰው የሚፈልግ ባለ ቫልቭ (አየሩ የወጣለት አምፖል መሰል መስታወት) ሬዲዮ አለ። ጀርባው ተከፍቶ ሲበራ፣ በመስታወቶቹ ውስጥ ያለው ክር ቀስ በቀስ ይቀላል፤ ድምፁ የሚመጣው ክሩ ከጋለ በኋላ ነው። ጆን አምብሮስ ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1904 የሠራው ቫልቭ ሁለት ኤሌክትሮዶች (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ የውስጥ ብረቶች) ብቻ ነበሩት፤ ሊ ደ ፎረስት በ1906 ሦስተኛ ጨመረበት፤ ደካማ ምልክትን ማጉላት የተቻለውም በዚህ ጭማሪ ነው።

ከጎኑ የምናስቀምጠው ኪስ የሚገባ የትራንዚስተር ሬዲዮ ነው፤ ትራንዚስተር የቫልቩን ሥራ የሚሠራ ትንሽ ዕቃ ነው። ጆን ባርዲንና ዋልተር ብራቴን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1947 በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ጀርማኒየም ከተባለ ንጥረ ነገር የሠሩት የመጀመሪያው ትራንዚስተር የሚግል ክር ስለሌለው፣ በዚያ መንገድ የተሠሩ ሬዲዮኖች በጥቂት ባትሪ ድንጋይ ለረጅም ጊዜ ይሠራሉ፤ መብራት ያልገባበት የገጠር ቤት ሬዲዮ ለመስማት የበቃውም በዚህ ምክንያት ነው። በ1956 የኖቤል ሽልማቱን ከሁለቱ ጋር የተጋራው ዊሊያም ሾክሌይ ብዙ ጊዜ ስሙ ቀድሞ ይጠራል፤ እኛ ግን በመግለጫው ሰሌዳ ላይ በእጃቸው የሠሩትን ሁለቱን እናስቀድማለን። ጃክ ኪልቢ በ1958፣ ሮበርት ኖይስ ደግሞ በ1959 ያስገኙትን የተቀናጀ ሰርኪዩት (ብዙ ትራንዚስተሮች በአንድ ትንሽ ቁራጭ ላይ የሚሠሩበትን) ከተሰበሩ የሞባይል ስልኮች በተነቀሉ ሰሌዳዎች እናሳያለን፤ እነዚህ እንኳ ሞልተውናል።

ክፍሉን በነፃ የሚሰጠን ሰው አግኝተናል። የጎደለን የእንጨት መደርደሪያ፣ ተማሪው ሳይነካ ውስጡን የሚያይበት መስታወት፣ የመበየጃ ካውያና ለአሮጌዎቹ ሬዲዮኖች የሚሆን ኮንደንሰር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ነው። በገንዘብ መርዳት የምትፈልጉ በጥገና ቤቶቻችን ደረሰኝ ይቆረጥላችኋል፤ አናጢዎች በጉልበታችሁ ብትረዱን ደግሞ ከገንዘብ አናሳንሰውም።

በቤታችሁ አሮጌ ሬዲዮ ካለ፣ ሣጥኑ የዶሮ ማደሪያ ሆኖ የኖረ ቢሆንም፣ አምጡልን። ይሠራ እንደሆነ ለመሞከር ግን ከመብራት ጋር አታገናኙት፤ ዓመታት የተቀመጠ ኮንደንሰር ድንገት ኃይል ሲያገኝ ሾርት አድርጎ ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥል ይችላል። አቧራውንም ቢሆን ለእኛ ተዉልን።